የሚስተር ታብስ ወንበር

ዴልፊን ራከር የራሷን የቤት ቁልፍ የያዘችው በስተርጅና ነው። ከድልድይ ሥር ኖራ ኖራ፣ ኪራዩን መንግሥት የሚያግዝበት ቫውቸር ደረሳትና ፊላደልፊያ ውስጥ ግድግዳ ለግድግዳ ከተጣበቁት ቤቶች በአንዱ አንድ ክፍል ተከራየች። ወሬው ግን ቀድሟት ገብቶ ነበር። የቤታችን ዋጋ ሊወድቅ ነው፣ ሌባ ሊመጣብን ነው ተባለ፤ እሷ ገና ጓዟን እንኳ ሳትፈታ! አከራይዋም ፈርቶ፣ «አንድ አቤቱታ ከመጣብኝ ውልሽን አላድስም» አላት።

በጥር በረዶው እስከ ጉልበት ወረደ። በማግስቱ ዴልፊን ከሱቅ ስትመለስ መንገድ ዳር አንድ ቀይ ወንበር ቆሞ አየች። ቤቷ ደግሞ ወንበር የሚባል የለም። መንገድ ዳር የወጣ ዕቃ ላገኘው ሰው ነው፤ ዕድሜዋን የኖረችው በዚህ ሕግ ነው። ደስ ብሏት አንጠልጥላው ገባች።

የሰፈሩ ሕግ ግን ሌላ ነው። በረዶ ዝቆ ለመኪናው ቦታ ያወጣ ሰው ወንበር ያቆምበታል፤ ያንን ወንበር ማንም አይነካም። ይኼኛው የሰፈሩ አለቃ የሚስተር ታብስ ነበር።

ጎረቤቷ ሚስ ኦፓል በመስኮት አይታ ስልክ አነሳች። ድምጿ መንገዱን ሞላው።

«ሚስተር ታብስ! የመኪና ቦታ የያዙበትን ወንበር ይዛው ገባች! ብለን አልነበር?»

ዴልፊን ያኔ ነገሩ ገባት። መጀመሪያ አፈረች፤ ቀጥሎ ደሟ ፈላ። ወንበሩን ይዛ ወረደችና እዚያው ባዶው ቦታ ላይ አስቀምጣ ቁጭ አለችበት።

አንድ መኪና መጥቶ ጡሩንባውን ነፋባት።

«እማማ፣ ተነሺልኝ እንጂ!»

«ቦታው ባለቤት አለው። እለፍ!»

ሚስተር ታብስ ከሥራ ሲመለሱ ከንፈሯ በብርድ ጠቁሮ አገኟት።

«ለአከራይሽ ደውያለሁ» አሉ ቆጣ ብለው። «ነገ ይመጣል።»

«ይምጣ! የተጣለ መስሎኝ ነው የወሰድኩት፤ መለስኩ፤ ቦታህንም ጠበቅኩልህ። ስታወራ ሁሉንም አውራ። ከድልድይ ሥር ተነሺ ሲሉኝ ስንት ጊዜ ተነስቻለሁ። ከዚህ ሰፈር ግን አልነሳም። ሰማህ ወንድሜ? አልነሳም!»

ወንበሩን ትታላቸው ደረጃዋን ወጣች። ሚስተር ታብስ ወንበሩን አንስተው መኪናቸውን አቆሙና ገቡ።

በማግስቱ አከራዩ መጣ። «የምን አቤቱታ?» አሉት ሚስተር ታብስ፣ በረዶ እየዛቁ። «ሳላጣራ ነው የደወልኩት።» ሚስ ኦፓል መጋረጃዋን ዘጋች።

ዴልፊን በመስኮት ሁሉንም ሰምታለች፤ አላመሰገነቻቸውም። ለምን ብላ? በገዛ ቤቷ ለመኖር ሰው ይመሰገናል እንዴ?