ከአፀደ ስም ሥር ያልተሰመረው መስመር

ወይንሸት ገሠሠ አትላንታ አጠገብ ኮንየርስ ካለው ትልቅ መጋዘን አሥራ ስምንት ዓመት ሠርታለች። ሥራዋ አንድ ነው፤ ካርቶኑ ላይ የተለጠፈው ጽሑፍና ውስጡ ያለው ዕቃ አንድ መሆኑን ማየት። «ጫማ» ተብሎ ተጽፎበት ቦርሳ የያዘ ካርቶን እሷን አልፎ ወጣ የሚል ሰው ካለ ይምጣና ይንገረኝ። የለም! ሱፐርቫይዘሩ አዲስ ሠራተኛ በመጣ ቁጥር «ከእሷ ተማሩ» ይል ነበር። ይቺው ጠንቃቃ ሴት ናት እንግዲህ በገዛ ቤቷ አንድ የተሳሳተ ጽሑፍ ለጥፋ ሃያ ዓመት ገደማ የኖረችው።

ጽሑፉ «ልጅ» የሚል ነው። እድላዊት የወይንሸት ልጅ አይደለችም፤ የታላቅ እህቷ የአፀደ ልጅ ናት። አፀደ ናይሮቢ በስደት ሳሉ በሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ሞተች። «ጨጓራ ነው» ተባለ። ጨጓራ ሰውን አጥንቱን አስቀርቶ፣ ደም እያስቀመጠው፣ በስድስት ወር ይገድላል እንዴ? ግን ማን ይመርምራት! ሕፃኗ ያኔ ገና ሁለት ዓመት አልሞላትም ነበር። በኋላ የስደተኞች ቃለ መጠይቅ ሲደርስ፣ በነገሩ የበሰለ አንድ ያገር ሰው ወይንሸትን ጥግ ይዞ «የእህቴ ልጅ ካልሽ የሞት ወረቀት አምጪ፣ የአሳዳጊነት ወረቀት አምጪ ይሉሻል፤ ፋይልሽ እዚያው ይተኛል። ልጄ በይና ተገላገይ» አላት። አለች። ማን ይፈርድባታል? እኔ በበኩሌ አልፈርድም። ወንድሙን ልጁ፣ የአክስቱን ልጅ ሚስቱ አድርጎ አሜሪካ የገባውን ቆጥረን ብናስወጣ ግማሹ ሰፈር ይጎድል ነበር።

አትላንታ ሲገቡ ልጅቷ ስድስት ዓመቷ ነበር። ወይንሸትን «ማሚ» ብላ አደገች፤ ወይንሸትም ሌላ አልወለደች፣ አላገባች። ውሸቱ ከርሞ ከርሞ ውሸትነቱ ተረሳ። አትላንታ ውስጥ እውነቱን የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ዲቪ ደርሶት ኋላ የመጣው ታናሽ ወንድሟ ስምዖን።

በሁለት ሺህ አሥራ ሦስት ስምዖን ታመመ። ፒችትሪ ኮርነርስ ካለ የመኪና ዕቃ ፋብሪካ ቀን ከሌት የሚሠራ፣ ሳቁ ከሩቅ የሚሰማ፣ የአርባ አንድ ዓመት ጎረምሳ የሚመስል ሰው ነበር። የትልቁ አንጀት ካንሰር ነው አሉት። በዚህ ዕድሜ እንዴት? ብለው ሐኪሞቹም ገረማቸው፤ ከሆዱ የወጣውን እብጠት ለዘር ውርስ ተመራማሪዎች ሰጡት። እነሱም ደሙን ጨምረው መርምረው አንድ የተበላሸ ጂን አገኙና «እህት ወንድም ካለህ ይምጡ» አሉት።

ወይንሸት ሄደች። የመጋዘን እንግሊዝኛ አላት፤ የሆስፒታሉን ግን ስለማትደፍረው አስተርጓሚ ይሰጠኝ አለች። አማካሪዋ ፈገግታዋ የማይጠፋ ወጣት ፈረንጅ ናት። ጠረጴዛው ላይ ስልክ አስቀምጣ ድምፁን ከፍ አደረገችው። «ጤና ይስጥልኝ፤ የአማርኛ አስተርጓሚዎ ነኝ። እዚህ የሚነገረው ሁሉ በምስጢር የተጠበቀ ነው» አለ የሴት ድምፅ።

ወይንሸት ክው አለች። ድምፁን ታውቀዋለች። በየእሑዱ ከቅዳሴ በኋላ የማኅበሩን ማስታወቂያ የምታነበው ኤልፍነሽ ናት! ኤልፍነሽም ሳታውቃት አትቀርም፤ ግን አንዷም ትንፍሽ አላለችም።

አማካሪዋ ቀስ ብላ አስረዳቻት። የሰው ሰውነት በየቀኑ እንደ ጽሑፍ ራሱን ይገለብጣል፤ ሲገለብጥ ይሳሳታል፤ ስህተቱን እየተከተለ የሚያርም ጂን አለ። በእናንተ ቤተሰብ የተበላሸው ይሄ አራሚው ነው። ያለበት ሰው ለእያንዳንዱ ልጁ የማውረስ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። «ክፉው ነገር ሳያሳምም ዝም ማለቱ ነው» አለች። «ደጉ ደግሞ ጊዜ መስጠቱ። ጂኑ ያለበት ሰው ከሃያ ዓመቱ ጀምሮ በየዓመቱ ወይም በየሁለት ዓመቱ በካሜራ አንጀቱን ከታየ ሽንብራ የምታህል ሥጋ ሳለች ትገኛለች። እዚያው ተቆርጣ ትወጣለች፤ ሰውየው በዚያው ቀን ቤቱ ይገባል።» ኤልፍነሽ አንድም ቃል ሳትጥል ተረጎመችው።

ከዚያ አማካሪዋ ወረቀት አውጥታ ቤተሰቡን መሣል ጀመረች። ለወንድ አራት ማዕዘን፣ ለሴት ክብ፤ የሞተው ላይ ሰያፍ መስመር። የስምዖን አራት ማዕዘን፣ ታማሚ ነውና፣ ጥቁር ተቀባ። የአፀደ ክብ ላይ ሰያፍ ተሰመረበት።

«እህትዎ ልጅ ነበራቸው?» አለ ስልኩ።

ወይንሸት ስልኩን አየች። አለች ብትል፣ የታለች? ይሏታል። እድላዊት ዜግነት ያገኘችው በእናቷ በኩል ነው፤ እናቷ ደግሞ ወይንሸት ናት፤ ወረቀቱ እንዲያ ነው የሚለው። ሆስፒታሉስ ምስጢር ይጠብቅ፤ ኤልፍነሽስ? እሑድ ማስታወቂያ ካነበበች በኋላ አዳራሹ ውስጥ ከማን ጋር ነው የምትቀመጠው? ልጅቷ ከሰው አፍ ብትሰማስ?

«የለም፤ አልወለደችም» አለች።

«የእርስዎስ ልጆች?»

«አንዲት ሴት። እድላዊት።»

አማካሪዋ ከወይንሸት ክብ መስመር አወረደችና ከሥሩ ትንሽ ክብ ሠራች።

ደሟን ሰጥታ ሄደች፤ ከሦስት ሳምንት በኋላ ውጤቱ መጣ። ወይንሸት ጂኑ የለባትም። «እንኳን ደስ ያለዎት! እርስዎ ከሌለብዎ ልጅዎም ልትወርሰው አትችልም፤ መመርመር አያስፈልጋትም» አለች አማካሪዋ፤ የተሣለውንም ወረቀት ኮፒ አድርጋ ከደብዳቤው ጋር ሰጠቻት። ወይንሸት እልል ማለት ቃጣት። መኪናዋ ውስጥ ገብታ ቀበቶዋን ስታስር ነው ነገሩ የገባት። እሷ ነፃ መሆኗ ለእድላዊት ምኗ ነው? ሞተር ሳታስነሳ ብዙ ቆየች።

እድላዊት ግን ደብዳቤውን አንብባ አቅፋ ሳመቻት። ሁሉንም ወረቀት በስልኳ ፎቶ አንስታ አስቀመጠችው።

ስምዖንን ኪሞው፣ ያ የካንሰሩ መድኃኒት፣ እያደከመው ሄደ። በሁዳዴው መጀመሪያ ልትጠይቀው ስትሄድ ሶፋው ላይ ሦስት ብርድ ልብስ ደርቦ ተኝቶ ነበር። ትከሻው የት እንደገባ እንጃ።

«ወይንዬ፣ ነገርሻት?»

«ምኑን?»

«አትቀልጂ እንጂ። እኔም አፀደ አልወለደችም ብዬ ነው የነገርኳቸው፤ ፋይልሽ እንዳይበላሽ ብዬ። ዋሽቻለሁ። አሁን ግን የበላኝን አየሁት። አፀደን የበላት ይሄው ነው። ልጅቷን ንገሪያትና ትታይ።»

«ዘንድሮ ትመረቃለች፤ ፈተናዋን ትጨርስ።»

«በሽታው ፈተና ይጠብቃል እንዴ?» ብሎ ሊስቅ ሞከረና ሳል ያዘው። «እኔ ብነግራት ደስ አይልም፤ ያሳደግሻት አንቺ ነሽ። እስከ ፋሲካ ግን ካልነገርሻት እኔ እነግራታለሁ። በአፀደ አፈር!»

ፋሲካን አላየም። ሁዳዴ ሳይጋመስ ሞተ። ወይንሸት አለቀሰች፤ ደረቷን መታች፤ ከልቧ ነው። ግን አልደብቃችሁም፣ ከለቅሶው ሥር አንዲት ቀጭን እፎይታ ነበረች፤ የሚያውቅ ሰው አልቀረማ። ለዚያች እፎይታ ራሷን ስትጠላ ኖረች፤ መጥላቱ ግን ለልጅቷ ምንም አልፈየደላት።

ከዚያ በኋላማ ዛሬ ነገ ሆነ። ትመረቅ አለች፤ ተመረቀች። ሥራ ትያዝ አለች፤ መሀል ከተማ ሚድታውን አንድ ቢሮ ገባች። ስንት ጊዜ አፏ ላይ ደርሶ ተመለሰ! አንድ እሑድ ዳር ዳር ስትል ቆይታ «እድሌ፣ ለማንኛውም ያንን የካሜራ ምርመራ ብታደርጊው?» አለቻት።

እድላዊት ሳቀች። «ማሚ፣ አንቺ ኔጌቲቭ ነሽ እኮ። ላይክ፣ ሳይንስ ነው፤ ከየት ይመጣብኛል?»

«ለማንኛውም ነው ያልኩሽ።»

«ኢንሹራንሱም በሃያ አራት ዓመት ያለ ምክንያት አይከፍልም። ስለ ጋሼ ስምዖን እያሰብሽ ነው አይደል የምትፈሪው?» አለችና ግንባሯን ሳመቻት። ወይንሸት «አዎ» አለች። ቀላሉ እሱ ነበራ!

በሁለት ሺህ አሥራ ስድስት መጨረሻ እድላዊት ደረጃ ስትወጣ ልቧ ድው ድው ይላት ጀመር። ክሊኒክ ሄደች፤ የደም ማነስ ነው ተብሎ የብረት ኪኒን ተሰጣት። በዓመቱ ደም አየች። ሐኪሙ «ቤተሰብ ውስጥ የአንጀት ካንሰር አለ?» ብሎ ጠየቃት። እሷም ስልኳን አውጥታ ወረቀቱን አሳየችው፤ አጎቴ ነበረበት፣ እናቴ ግን ተመርምራ ነፃ ናት። ሐኪሙ ክቦቹን አየ፣ መስመሩን በዓይኑ ተከተለ፣ ትክክል ነው አለ። ኪንታሮት ይሆናል ብሎ ቅባት ጻፈላት። በወረቀቱ መሠረት አልተሳሳተም። ቅባቱ ሌላ ስድስት ወር በላ።

በካሜራ ሲያዩዋት እብጠቱ ትልቁን አንጀቷን ከግማሽ በላይ ዘግቶት ነበር። ጉበቷም ላይ ተገኘ። ሃያ ስድስት ዓመት ሊሞላት ሁለት ወር ቀርቷታል።

እናትና ልጅ አንድ ላይ እንዲመጡ ተጠሩ። ሚድታውን ካለው ሕንፃ አራተኛ ፎቅ፣ ጠረጴዛው ላይ ያው የዱሮው ወረቀት ተዘርግቷል። የእድላዊት ሐኪም ሽማግሌ ናቸው፤ እርጋታ አላቸው። ወይንሸት ዛሬ አስተርጓሚ አልፈልግም አለች።

«አንድ ያልገባን ነገር አለ» አሉ ሐኪሙ። «የልጅዎ እብጠት ልክ የወንድምዎን ዓይነት ምልክት አለው። ደሟም ውስጥ ያንኑ ጂን አግኝተናል። እርስዎ ደግሞ ነፃ ነዎት። ይህ ሊሆን አይችልም። ምናልባት ያኔ የእርስዎ ደም ከሌላ ሰው ጋር ተለዋውጦ ይሆናል። ዛሬ እንደገና እንቀዳና እንየው።»

ይኸው! በሩ እንደገና ተከፈተላት። ክንዷን ብትዘረጋ፣ ደሟን ብትሰጥ፣ የላቦራቶሪ ስህተት ነው ይባልና ሌላ ሁለት ሳምንት ይገዛል። እድላዊት ወደ እሷ ዞራ በዚያ በከሳ ፊቷ «አይዞሽ ማሚ» አለቻት። እሷው ታማ፣ እሷው አጽናኝ!

ወይንሸት አልቻለችም። «እስክሪብቶ ስጡኝ» አለች።

ሐኪሙ ሰጧት። ከራሷ ክብ ወደ ልጅቷ የወረደውን መስመር ሁለት ጊዜ ሰረዘችው። ከዚያ ሰያፍ ካለባት ከአፀደ ክብ ተነስታ መስመር አወረደች፤ መስመሩ ተጣሞ ተጣሞ እድላዊት ጋ ደረሰ። «እህቴ ናት የወለደቻት። እኔ አሳደግኳት» አለች በእንግሊዝኛ። ቃሉ ቀላል ነበር፤ የመጋዘኑ እንግሊዝኛ ይበቃው ነበር።

ሐኪሙ መነጽራቸውን አወለቁ።

እድላዊት ወረቀቱን ወደ ራሷ ሳበችና ብዙ አየችው። ከዚያ ሐኪሙን «በሃያ ሁለት ዓመቴ በካሜራ ታይቼ ቢሆን ኖሮ?» አለቻቸው።

«በእርግጠኝነት መናገር አይቻልም» አሉ። «ምናልባት ትንሽ ሥጋ ሆኖ ይገኝ ነበር» ብለው ጨመሩ።

ወይንሸት እያንዳንዱን ቃል ሰማች። ሽንብራ የምታህለዋ ሥጋ ትዝ አለቻት።

ወደ መኪናው ወረዱ። መኪና ማቆሚያው ምድር ቤት ነው፤ ይቀዘቅዛል። እድላዊት በሩን ልትከፍት ይዛ ቆመች።

«ጋሼ ስምዖን ያውቅ ነበር?»

«ያውቅ ነበር። ንገሪያት ብሎኝ ነው የሞተው።»

«አራት ዓመት አልፎታል።»

«አዎ፣ እድሌ።»

አልጮኸችም። ብትጮህባት፣ ብትሰድባት፣ ወይንሸት ምንኛ በወደደች! «እዚያ ስትጠየቂ እኮ መናገር ትችይ ነበር። ሆስፒታል ለማንም አይናገርም። ማንን ነው የፈራሽው?» አለች።

ወይንሸት ኢሚግሬሽንን ልትል አሰበች። ወረቀትሽን፣ ዜግነትሽን፣ እንዳትጠዪኝ ብዬ፤ ይሄ ሁሉ እውነት ነው። ግን ያን ቀን፣ እዚያ ክፍል ውስጥ፣ አፏን የዘጋው ማን እንደሆነ ታውቃለች።

«ኤልፍነሽን» አለች። «አስተርጓሚዋ ኤልፍነሽ ነበረች።»

እድላዊት ግንባሯን ቋጠር አድርጋ አየቻት። ለማስታወስ ሞከረች፤ ከልቧ ሞከረች።

«ኤልፍነሽ ማናት?» አለች።