አባቴ ንጉሦቹን ሲጥል

ወንድም ጋሼን ዛሬም ባየሁት ቁጥር ደሜ ይፈላል። ታላቄ ነው፣ አከብረዋለሁ፤ ግን ይፈላል።

አባቴ ዕድሜውን ሙሉ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። ጡረታ ሲወጣ ሸዋ ሮቢት ዳር፣ ወንዙ አጠገብ ያለችውን የማንጎ ቦታውን ይዞ ተቀመጠ። ኋላ ስትሮክ መታው። ቀኝ ጎኑ አልታዘዝ አለ፣ ምላሱ ተሳሰረ። አንድ ቃል እስኪያወጣ ጎረቤት ደርሶ መመለስ ይቻላል። እኛም፣ እውነቱን ልናገር፣ መጠበቅ ሰለቸን። "ይብቃህ አባዬ፣ አትድከም" እያልን ዝም አሰኘነው።

ወንድም ጋሼ አንድ ቀን ከደብረ ሲና ሲመጣ ስልክ ይዞለት መጣ። ፖከር የሚባል የካርታ ጨዋታ ጭኖበታል። ብር አይያዝበትም፣ ጣቱን እንዲያፍታታ ነው አለ። የምትጫወተው ከስልኩ ጋር ብቻህን ነው፤ አምስት ካርታ ይሰጥሃል፣ የፈለግከውን ነክተህ ትይዛለህ፣ የቀረውን ይለውጥልሃል። ሁለት ንጉሥ ከመጣልህ እነሱን መያዝ ነው፤ በሁለቱ ብቻ ታሸንፋለህ። ሕፃን ልጅ በአንድ ቀን ይለምደዋል።

አባቴ አልለመደውም። ሁለት ንጉሥ ይመጣለታል፤ ከጎናቸው ደግሞ አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት። በግራ እጁ ቀስ ብሎ አምስትን፣ ስድስትን፣ ሰባትን ይይዝና ንጉሦቹን ይጥላል። ሲሸነፍ ስልኩን አገላብጦ ያየዋል። እንደገና ያንኑ ያደርጋል። "ኧረ አባዬ! ንጉሥ ይጣላል እንዴ?" ብዬ ስልኩን እመነጭቀዋለሁ፤ እኔው መርጬ እመልስለታለሁ። ዓይኑን ይጨፍናል። ስንቴ እንደመነጨቅሁት እግዜር ይቁጠረው።

ወንድም ጋሼ ይህን አይቶ ነገር ጠነሰሰ። ለካ ማንጎውን አስቆርጦ ቦታውን ጋራዥ ለሚሠራ ሰው ሊያከራይ ተነጋግሮ ኖሯል።

"አየሽ፣ አእምሮውን ስቷል" አለኝ። "ንጉሥ ጥሎ ሰባት የሚይዝ ሰው ነው ቦታ የሚያስተዳድረው? ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ የኛው ደግሞ የማይያዘውን ይይዛል።" ሳቀ። በገዛ አባቱ ሳቀ!

ሽማግሌ እንዲጠራ፣ አባቴ ራሱን እንደማያውቅ እኔም እንድመሰክር፣ ቦታው በወንድም ጋሼ እጅ እንዲገባ ተስማማን። አዎ፣ እሺ አልኩ። ማጠቡም፣ ማጉረሱም፣ ማገላበጡም እኔ ላይ ነበር፤ ደክሞኝ ነበር። ደክሞኝ ነበር ማለት ደግሞ ምን መልስ ነው? ኤዲያ!

ሽማግሌዎቹ ሊመጡ ሁለት ቀን ሲቀራቸው የአባቴ የድሮ ረዳት ሊጠይቀው ከጀውሃ መጣ። እሱም ሸብቷል፤ አባቴን ግን አሁንም "ጋሼ" ነው የሚለው። አጠገቡ ተቀምጦ ስልኩን አጮልቆ ሲያይ አባቴ ያችኑ ልማዱን ደገማት፤ ሦስቱን ይዞ ንጉሦቹን ጣለ። ልጮህ አፌን ስከፍት ረዳቱ ቀደመኝ።

"እሰይ ጋሼ! ሦስት ተከታታይ፣ ያውም በአንድ ዓይነት! ጥንዱማ ምን ያደርግልዎታል!"

"ምን ማለትዎ ነው?" አልኩት።

"ኮንከር ነዋ ልጄ፣ የኛ የሾፌሮቹ የካርታ ጨዋታ! ጀውሃ ጭነት ስንጠብቅ በኮንከር ስንቱን ሾፌር አስለቅሰዋል መሰለሽ። በኮንከር ሦስት ተከታታይ ከያዝሽ ሞተሽ እንኳ አትለቂያትም። ጥንድ ግን ሦስተኛ ካላገኘ ሸክም ነው።"

አባቴ በተጣመመው አፉ ፈገግ አለ። ከታመመ ወዲህ ሲስቅ ያየሁት ያኔ ነው። ሰውዬው እኮ ምንም አልሆነም! የሚያውቀውን ጨዋታ አሳምሮ እየተጫወተ ነበር። የስልኩ ሕግ ሌላ መሆኑን ማን ነገረው? ማንም! መመንጨቅ ብቻ!

ለወንድም ጋሼ ደውዬ አልመሰክርም አልኩት። "እንግዲያው እኔ ብቻዬን እበቃለሁ" ብሎ ዘጋብኝ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሦስት ሽማግሌዎች ማንጎው ሥር ተቀመጡ። አባቴን በወንበር አወጣሁት። ወንድም ጋሼ አባቴን አጫወተውና ስልኩን እያዞረ አሳያቸው፤ "ይኸው፣ ተመልከቱ፣ በፊታችሁ ንጉሥ ይጥላል!" እያለ፣ ያለ ሀፍረት።

"ኮንከር ነው!" አልኩ ብድግ ብዬ። "ኮንከር እየተጫወተ ነው! ጤነኛ ነው! አንተ ነህ ዓይንህን ቦታው ላይ ጥለህ የታወርከው!"

"ዝም በይ!"

"አልልም! ምን ታመጣለህ?"

በዕድሜ የገፉት ሽማግሌ እጃቸውን አነሱና ወደ አባቴ ዞሩ። "እርስዎስ ምን ይላሉ?"

ጠበቅን። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ አይወጣም። ወንድም ጋሼ "አያችሁ" ሊል ሲል ሽማግሌው ገሰጹት። እንደገና ጠበቅን።

"ቦታውን... ብትጠይቁኝ... እሰጥ... ነበር" አለ አባቴ።

ወንድም ጋሼ አቀረቀረ። እኔ ደግሞ ደስ አለኝ፣ አልዋሽም፤ "ሰማህ? ሰማህ ወይ?" ብዬ ጣቴን ዓይኑ ላይ ቀሰርኩ። አባቴ ግን ገና አልጨረሰም ነበር። ግራ እጁን አንስቶ የቀሰርኩትን እጄን ያዘና ወደ ታች አወረደው። የሚያየው እኔን ነበር።

"አንቺም... አልጠየቅሽኝም።"