ባዶ ኮርቻ ይዘን የወጣነው ተራራ

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት... ከኮሶበር ከተማ ወጣ ብሎ ያለ ተራራ ሥር ቆሜ፣ ኮርቻ የተጫነ ፈረስ ሳይ ነገሩ ወዲያው ገባኝ። ያመጡት ለኔ ነው።

ዳንግላ የምኖር አስተማሪ ነኝ። አምና ባጃጅ ተገልብጦ እግሬ ተሰብሮ ነበር። ጄሶው ከወጣ ቆይቷል፣ ሐኪሙም «እንደ ልብሽ ተራመጂበት» ብሎኛል። ሰው ግን አላመነም። ክፍል ስገባ ተማሪዎቼ ወንበር ይጎትቱልኛል። ከገበያ ስመለስ ጎረቤቴ ዘንቢሌን ከእጄ ትቀማኛለች። ደግነት መሆኑን አውቃለሁ... ግን ሰለቸኝ። ስለዚህ የትምህርት ቤታችን መምህራን ተራራ ሊወጡ ነው ሲባል፣ ከዚያ በፊት ከዳገት ጋር ምንም ትውውቅ የሌለኝ ሴትዮ «እኔም አለሁበት» አልኩ። የፈለግኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እላይ በገዛ እግሬ መድረስ።

አስጎብኚዎቻችን ሁለት ናቸው። ወጣቱ ፈጣኖቹን ይዞ ተፈተለከ። ከኋላ የቀረነው እኔ፣ አያ አለነ የሚባሉት ሸምገል ያሉ አስጎብኚ፣ እና ፈረሳቸው።

«ተቀመጭበት እንጂ ልጄ፣ ለደከመው ሰው ብለን ነው ያመጣነው» አሉኝ ገና ዳገቱን ስንጀምር።

«ፈረስ እፈራለሁ። እርስዎ ይቀመጡበት።»

ውሸቴን ነው። ልጅ ሆኜ ክረምት ክረምት ግምጃ ቤት ከተማ አጎቴ ዘንድ ስሄድ ከፈረስ ላይ የሚያወርደኝ አልነበረም።

«እኔንስ ኮርቻው ይቆረቁረኛል» አሉና ልጓሙን ይዘው መንገዳቸውን ቀጠሉ።

እንግዲህ ሁለት እግረኛና አንድ ሥራ ፈት ፈረስ ሆነን መውጣት ጀመርን። ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ቁርጭምጭሚቴ መሞቅ፣ ከዚያም መጠዝጠዝ ጀመረ። ደግነቱ አያ አለነ በየመታጠፊያው ቆም እያሉ የኮርቻውን ማሰሪያ ያጠብቃሉ። መጀመሪያ ለኔ ሲሉ መስሎኝ ተናደድኩ። እኚህም ወንበር ሊጎትቱልኝ ነው አልኩ በሆዴ። ደግሞስ ማንም ያልተቀመጠበት ኮርቻ እንዴት ነው በየደቂቃው የሚላላው?

ቆይቼ ግን አየኋቸው። በቆሙ ቁጥር ፈረሱን ተደግፈው የግራ እግራቸውን ከመሬት ያነሳሉ... ጉልበታቸው አልታጠፍ ብሏቸዋል።

«አያ፣ አሞዎታል እንዴ?»

«ኧረ ምንም አይደለ። ማሰሪያው ነው።»

ይሄኔ ድንች ተሸክማ ወደ ከተማ የምትወርድ ሴት አገኘችን። ፈረሱን አየች፣ እሳቸውን አየች፣ እኔን አየች። በአገውኛ አንድ ነገር ብላቸው እየሳቀች አለፈች።

«ምን አለችዎት?»

«ከሦስታችሁ ተሳፋሪው የትኛው ነው ነው የምትለኝ» አሉ፤ ራሳቸውም ሳቃቸው መጣ።

ጫፉ እየታየን፣ የባልደረቦቼ ድምፅ እየተሰማን፣ አያ አለነ ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ። ጫማቸውን የሚያስተካክሉ መሰሉ። ሊነሱ ሞከሩ... አልሆነም። ወዲያው ወደ ላይ ቀና ብለው ማንም እንዳላያቸው አረጋገጡ። እንዲህ ያለውን የ«አዩኝ ይሆን» አስተያየት ከኔ የበለጠ የሚያውቀው ሰው የለም። አንጀቴን በሉት።

«ልጄ፣ መቼም አንቺ አትነግሪብኝም» አሉ ቀስ ብለው። «ክረምቱን ይኼ ጉልበት ይዞኝ ነው የከረመ። የአስጎብኚ ማኅበራችን ልጆች አርፎ ይቀመጥ እያሉ ነው። ዛሬ ካልደረስሁ ተራዬን ለሌላ ይሰጡታል።»

«ታዲያ ፈረሱ ቆሞ የለም?»

«እንግዳ በእግሯ እየሄደች አስጎብኚው በፈረስ? ሰው ምን ይላል? አንቺ ተቀመጭና እኔ ቀስ ብዬ እደርሳለሁ።»

«እርስዎን በዚህ ጉልበት አስከትዬ እኔ በፈረስ? እኔንስ ምን ይሉኛል?»

ተፋጠጥን። ፈረሱ ሣሩን ይግጣል። ቀና ብዬ ጫፉን አየሁት። እውነቱን ልናገር፣ ከፋኝ። ትንሽ ነበር የቀረኝ... እያነከስኩም ቢሆን እደርስ ነበር። እሳቸው ግን ብቻቸውን ፈረስ ላይ አይወጡም፤ ጥያቸውም አልሄድም።

«እሺ» አልኩ። «እርስዎ ይውጡና እኔን ከኋላ ያፈናጥጡኝ።»

«ፈረስ እፈራለሁ አላልሽም?»

«ዋሽቼ ነው።»

«እኔንም ኮርቻው አይቆረቁረኝም» አሉ።

ድንጋዩን መወጣጫ አድርገን ተቀመጥንና ጫፍ ላይ በፈረስ ከች አልን። ባልደረቦቼ አጨበጨቡ። አንዱ፣ ሁልጊዜ እንደሚቀልደው፣ «ይኸው፣ ፈረሱ ያለ ነገር አልመጣም ብዬ አልነበር?» አለ። ሁሉም ሳቁ። ወጣቱ አስጎብኚ ግን አልሳቀም። አያ አለነን ነው የሚያየው።

ቶሎ ብዬ «እኔ ነኝ፤ ደክሞኝ ለምኛቸው ነው» አልኩ።

ገና ከአፌ ሳይወጣ አያ አለነ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «አይደለም» አሉ። «የኔ ጉልበት ነው እምቢ ያለ። እሷማ እታች እዚያ ድረስ በእግሯ ነው የመጣች። እኔ ባልቀመጥ ኖሮ በእግሯ ትደርስ ነበር።»

የቀለደው ልጅ አንገቱን ደፋ። ወጣቱ አስጎብኚ መጥቶ አያ አለነን ደግፎ አወረዳቸውና ካፖርቱን አንጥፎ አስቀመጣቸው። ስለ ተራቸው ምን እንዳሰበ አላውቅም፤ አልተናገረም። እኔም ለመጠየቅ ድፍረቱ አልነበረኝም።

ስንመለስ እሳቸው በፈረስ ከፊት፣ እኛ በእግር ከኋላ ሆነን ወረድን። እኔ እሳቸውን ላድን ብዬ ዋሸሁ፤ እሳቸው ግን እኔን ሊያድኑ ብለው እውነቱን ተናገሩ... የእሳቸው ይከብዳል።