ዘሪቱ እንባ ያጣችበት ዓመት

ዘሪቱ ደብረ ማርቆስ ገበያ ዳር፣ በረንዳ ላይ የስፌት መኪናዋን ዘርግታ ልብስ ትሰፋለች። ባሏ ዋኘው በድንገተኛ አደጋ ከሞተ በኋላ እህልም እንቅልፍም ከሷ ራቁ። ከስታ አልጋ ላይ ስትቀር፣ አብራት የምትኖረው እህቷ የኔአለም ደግፋ ሐኪም ቤት ወሰደቻት። ሐኪሟም የሚዋጥ መድኃኒት አዘዘችላት።

መድኃኒቱ ሠራ። ዘሪቱ ተኛች፣ በላች፣ ወዟ ተመለሰ። ከደንበኞቿ ጋር መሳቅ ጀመረች። የኔአለም የተሳለችውን ጥላ ለቤተ ክርስቲያን አስገባች።

ሙት ዓመቱ ሲደርስ ሮብ ገበያ ከተማ አጠገብ ወዳለው የዋኘው ቀዬ ሄዱ። አማቷ ወይዘሮ እቴናት የልጃቸውን ጋቢ ታቅፈው ስሙን እየጠሩ ያለቅሳሉ። ጎናቸው የተቀመጠችው ዘሪቱ የቀረበላት ወጥ እንደጣፈጣት ታወቃት። እንባ ፈለገች፤ የለም። የዋኘውን ፊት አሰበች፤ መጣላት፣ ግን እንደ አንድ የሩቅ ጎረቤት ፊት ነበር። ብድግ አለች። ወደ ጓሮ ዞረች፣ ተመለሰች፣ ተቀመጠች፣ ደግሞ ተነሣች። ሴቶቹ እግዜር አጽናናት ሲሉ ፊቷ ጋለ።

ከዚያ ወዲያ መርጋት አቃታት። ስፌት ጀምራ ትተዋለች፤ ክር ልግዛ ብላ ወጥታ ገበያውን ስትዞር ውላ ባዶ እጇን ትመለሳለች።

በመጨረሻ ሐኪሟ ዘንድ ሄዳ መድኃኒቱ እንዲቀነስላት ጠየቀች። ሐኪሟ ምን እንደሚያማት ጠየቀቻት።

«ምንም አያመኝም ዶክተር። ደስ ብሎኝ ነው የምውለው። ዋኘው ሞቶ ምንም አልጎደለብኝም። እንዲህ ያለ ደስታ ምን ያደርግልኛል?»

ሐኪሟ በአንዴ ማቆም አደጋ እንዳለው አስረድታ፣ እየተከታተለቻት ቀስ በቀስ ትቀንስላት ጀመር።

የኔአለም ይህን ስትሰማ ተቆጣች፤ እህቷን ከሞት አፍ እንዳወጣቻት ነበር የምታስበው። ዳግመኛ ትወድቅብኛለች ብላ ሥራዋን እየተወች በረንዳው ድረስ መጥታ ታያት ነበር።

ክረምት ሲገባ ዘሪቱ የአንድ ደንበኛ ኮት እጅጌ ስታሳጥር፣ ዋኘው እጅጌው እየረዘመበት እስከ ክርኑ ሲጠቀልል ትዝ አላት። ስፌቱን አቆመች። ፊቷን በኮቱ ሸፍና አለቀሰች፤ ባለ ኮቱ ግራ ገብቶት ቆመ። ልታያት የመጣችው የኔአለም ሮጣ ደርሳ ሐኪም ዘንድ እንሂድ አለቻት።

«ተይኝ» አለች ዘሪቱ። «ያመኛል። ግን አገኘሁት።»

አሁን እንቅልፏ የተቆራረጠ ነው። አንዳንድ ቀን ስትሰፋ ትውላለች፣ አንዳንድ ቀን ከቤት አትወጣም። ሲመቻት ሮብ ገበያ ወርዳ ከወይዘሮ እቴናት ጋር ስለ ዋኘው ያወራሉ፤ ያለቅሳሉ፣ አንዳንዴም ይስቃሉ። የቀረውን መድኃኒት ፈጽማ ትተወው እንደሆነ ግን ገና አልቆረጠችም።