ሽማግሌዎች የቀየሩልኝ ስም

ባለፈው ሳምንት ቡታጅራ ላይ አዲሱን መታወቂያ ለማውጣት ተሰልፌ ነበር። ተራዬ ሲደርስ መዝጋቢዋ ልጅ ስሜን ሰምታ እጇ ቆም አለ። ፈገግታዋን መደበቅ አቃታት።

«አባባ፣ ከማን ጋር ተጣልተው ነው?»

«የተጣላው አባቴ ነው፤ ከወንድሙ ጋር» አልኳት። ስሜ አልታረቅም ነው። ይህንኑ መልስ ስሰጥ ኖሬ ይኸው ሸበትኩ።

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ የእኔን ያወጣው ግን የድንበር ጠብ ነው። የተወለድኩት ቸሃ፣ አባቴና ታናሽ ወንድሙ በወረሱት የእንሰት መሬት ሳቢያ ፍርድ ቤት በሚመላለሱበት ሰሞን ነው። በአገራችን ሰው ለባላጋራው ፊት ለፊት የማይለውን በልጁ ስም ይልካል። የአጎቴ ቤት ከአጥራችን ማዶ ስለነበር እኔ በተጠራሁ ቁጥር መልእክቱ ይደርሰዋል። እናቴ ደግ ሴት ነበረች፤ ስትፈልገኝ አጠገቤ ድረስ መጥታ ነበር የምትጠራኝ። ትምህርት ቤት በኳስ ስንጋጭ ደግሞ ልጆቹ «ተዉት፣ እንደ ስሙ ነው» ይሉኛል። እኔ እኮ ቂም የማላውቅ ልጅ ነበርኩ። ሳልናገር ጠበኛ መባሉ፣ መውጫም ማጣቱ ያንገበግበኝ ነበር።

ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ፣ የፋሲካ ሰሞን፣ ሽማግሌዎች ወንድማማቾቹን አስታረቁ። አጎቴ መሬቱን ተወው፤ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር።

«የልጁን ስም ቀይርልኝ። አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ጠርቼው አላውቅም።»

አባቴ እሺ አለ። ሽማግሌዎቹ ታረቀኝ ብለው መረቁኝ፤ አጎቴም ለመጀመሪያ ጊዜ ግንባሬን ሳመኝ። የዚያን ዕለት ደስታዬ ልክ አልነበረውም።

ሰኞ ለዳይሬክተራችን ነገርኳቸው። ከጎጃም የመጡ ረጋ ያሉ ሰው ነበሩ። «ልጄ፣ የሚኒስትሪ ፎርሙ ሄዷል። ስም የሚቀየረው በፍርድ ቤት ነው፤ እሱ እስኪያልቅ ፈተናው ያመልጥሃል» አሉኝ።

ለአባቴ ብነግረው «አንድ ዓመት ቁጭ በል» እንደሚለኝ አውቃለሁ፤ ቃል ሰጥቷላ። የእኔ ልብ ግን ወልቂጤ ገብቷል፤ ከጓደኞቼ ጋር ቤት ተከራይተን ዘጠነኛ ልንማር ተነጋግረናል። ቤት ስገባ «ተቀይሯል» አልኩ።

ነሐሴ ላይ ውጤት ተለጠፈ። አጎቴ ማንም ሳይልከው፣ የእንሰት ቅጠል ተከናንቦ፣ በዚያ ጭቃ ሄዶ አይቶልኝ መጣ። ቆጮና ጎመን ቀርቦለት አልቀመሰም።

«ሦስቴ አነበብኩት» አለ። «ታረቀኝ የሚል የለም። ልጄ ወድቋል።»

ያንን ሌላውን ስም መዝለል ለምዶ ኖሮ ዓይኑ አልፎታል። አባቴ አቀረቀረ። ዝም ብል ወልቂጤ ቀረብኝ፤ ብናገር ዕርቁ ፈረሰ።

«አልፌያለሁ» አልኩ።

«በየትኛው ስም?» አለ አጎቴ።

ሳልነግረው ገባው። ቀስ ብሎ ተነሣና ወደ አባቴ ዞረ። «አንተስ ያወጣህለት ተናደህ ነበር» አለው። ወደ እኔ ሳያይ ወጣ።

ለመስቀል አብረን ልናርድ የነበረውን በሬ ከሌላ ሰው ጋር ተካፈለ። ስለ ፎርሙ ላስረዳው ሁለት ጊዜ ሄድኩ፤ ሁለቱንም ጊዜ በሩ አልተከፈተልኝም።

መዝጋቢዋ አሻራዬን ወስዳ ስትጨርስ «አባባ፣ የፍርድ ቤት ወረቀት ካመጡ እኮ ይቀየራል» አለችኝ። አመሰገንኳት። ይህን ስም የጫነብኝ አባቴ ነው እያልኩ ስንት ዓመት አማሁት። እሱ የጫነውን ግን ሽማግሌ ፊት አውርዶልኝ ነበር፤ መልሼ የተሸከምኩት እኔ ነኝ። እንዲቀየር የለመነው ሰው ከተቀበረ ቆየ። አሁን ለማን ብዬ ልቀይረው?