ጋሽ ነዚፍና የአሮጌው ፒክአፕ ሻንሲ

አጎቴ ጋሽ ነዚፍ ባለፈው ወር፣ በአንድ ዝናባማ የጁምዓ ጠዋት፣ ጅማ ሄርማታ በሚገኘው ቤታቸው ከዚህ ዓለም ተለይተዋል። ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን። በጅማና በየቡ መካከል ለረጅም ዓመታት ቡናና ቡና ለቃሚዎችን ሲያመላልሱ የምታውቋቸው፣ መንገድ ላይ ቆማችሁ ያሳፈሯችሁ፣ በጉርብትና አብራችኋቸው የኖራችሁ ሁሉ፣ ሐዘኑ የጋራችን ነው። መርዶው የደረሰኝ ዩኒቨርሲቲ በገባሁ በሁለተኛው ሳምንት ስለሆነ ቀብራቸው ላይ አልደረስኩም። ስለዚህ ማለት የሚገባኝን በዚህ ጽሑፍ ለማለት ሞክሬአለሁ። የጎደለ ካለ እናንተ ሙሉልኝ።

ከአሰንዳቦ ወጥቼ ሁለተኛ ደረጃ የተማርኩት እሳቸው ዘንድ ተቀምጬ ነው። ስመጣ ያመላልሱበት የነበረው ፒክአፕ ሥራ ካቆመ ቆይቶ ነበር። ግቢው ውስጥ፣ አቮካዶው ሥር፣ በወለሉ ቀዳዳ ሣር በቅሎበት፣ ዶሮዎች መቀመጫው ላይ እንቁላል እየጣሉበት ቆሞ ነበር። ጠዋት ጠዋት ጉም ሲወርድ ጎማዎቹ አይታዩም፤ መኪናው ከመሬት ትንሽ ከፍ ብሎ የተንሳፈፈ ይመስል ነበር። ጋሽ ነዚፍ ከሱብሒ፣ ከንጋቱ ሶላት፣ ሲመለሱ በመዳፋቸው ኮፈኑን ዳበስ አድርገው ያልፋሉ። 

አምና የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ጨርሼ ውጤት ስጠባበቅ፣ አንድ ቀን ምሳ ላይ «ለዘንድሮ ቡና ለቀማ አስነሣዋለሁ» አሉ። ባለቤታቸው እትዬ ሰዓዳ የየቡ ልጅ ናቸው። በየዓመቱ ለለቀማ ወደ የቡ የሚሄዱት እህቶቻቸውና ጎረቤቶቻቸው በእግርና በባጃጅ ይንገላቱ ነበር። ጋሽ ነዚፍ እነሱን አንድ ጊዜ እንኳ እንደ ድሮው በራሳቸው መኪና ማድረስ ተመኙ። ለቀማው ሊጀመር የቀረው አንድ ወር ተኩል ብቻ ነበር።

የሰፈራችን በያጅ ተማም ሻንሲውን፣ ማለትም ካቢናውንና ጭነቱን የሚሸከመውን ረጅም የብረት አጽም፣ ጎንበስ ብሎ አየና ምክሩን ሰጠ።

«ጋሼ፣ ምን ያደክምዎታል? በሽቦ ብሩሽ ጫር ጫር እናድርገው፣ የጎደለውን በስቱኮ እንሙላው፣ ከላይ የተቃጠለ ዘይት እንቀባው። ማን ከሥር ገብቶ ያየዋል?»

«እኔ» አሉ ጋሽ ነዚፍ። «የተሳፈረ ሰው ከሥሩ ያለውን አያይም። ለእሱ የሚያይለት ሾፌሩ ነው። ብረቱን እስካላየሁ ሰው አልጭንበትም።»

ብረቱን ለማየት ደግሞ ዝገቱን በአየር ግፊት በሚረጭ አሸዋ ማራገፍ ነበረባቸው። ካቢናው በጎረቤት ጉልበት ወርዶ ሻንሲው አራት ግንድ ላይ ተጋደመ። ከጎሚስታ ኮምፕሬሰር ተከራዩ። የወንዝ አሸዋም መጣ። የጅማ አየር ግን አሸዋን አያደርቅም፤ እርጥብ አሸዋ ደግሞ የሚረጭበትን አፈሙዝ ይደፍናል። በዚህ ጊዜ እትዬ ሰዓዳ የየቡን ቡና የሚያደርቁበትን የሽቦ አልጋ አስረከቡን። ሸራ አንጥፈን አሸዋውን አሰጣነው፣ በእጃችንም እንደ ቡና አገላበጥነው። ከሩቅ ላየው ሰው ወርቃማ ቡና ያሰጣን እንመስል ነበር።

ጋሽ ነዚፍ የዝናብ ልብስ ለብሰው፣ መነጽር አድርገው፣ አፍና አፍንጫቸውን በሚገባ ሸፍነው ሲጀምሩ ግቢው በሙሉ ይጠፋ ነበር። ብናኙ የአቮካዶውን ቅጠል አልፎ ፀሐይ ውስጥ ይንሳፈፋል። ድምፁ ብዙ ዝናብ በቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ነው። ከደመናው መሐል አንዳንዴ አንድ ክንዳቸው፣ አንዳንዴ ጀርባቸው ብቻ ይታያል፤ ከዚያ እንደገና ይሰወራሉ። ኮምፕሬሰሩ ያርፋል። ብናኙ ሲረግፍ፣ ቀይ የነበረው ብረት እንደ ንጋት ሰማይ ግራጫ ሆኖ ይወጣል። እኔ ያን ጊዜ ነቅቼ ይሁን ተኝቼ እርግጠኛ ያልሆንኩባቸው ቀናት ነበሩ።

በመጨረሻው ቀን አፈሙዙ በተደጋጋሚ ተደፈነ። ጋሽ ነዚፍ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው አሸዋውን ሊያዩ ሄዱ። አሸዋው በጨርቅ በደንብ ተሸፍኗል።

«ሰዓዳ! ይህን ማን ሸፈነው?»

«እኔ ነኝ። ቀትር ሆነ፤ ፀሐዩ በረታ።»

«አሸዋ እኮ ነው!»

እትዬ ሰዓዳ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ታጥቦ የሚደርቅ ቡና ቀትር ላይ ካልተሸፈነ ይሰነጠቃል፤ ዕድሜ ልካቸውን የሠራ እጃቸው ሳያስቡት ሸፍኖታል። ከጨርቁ ሥር አሸዋው እርጥበት ቋጥሮ ነበር።

«እትዬ፣ ይቅመሱና ደረጃ ያውጡለት እንጂ!» አለ ተማም።

«አንተ ዝገት በስቱኮ ስትሸፍን የሳቀብህ አለ?» አሉት። ጋሽ ነዚፍ ሳቅ አሸንፏቸው ግንዱ ላይ ተቀመጡ።

አሸዋው እስኪደርቅ ግማሽ ቀን ሄደ። ሥራው ያለቀው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። የተራገፈ ብረት ደግሞ ጤዛ ሳይነካው በዚያው ቀን ዝገት የሚከላከል አንቲረስት ቀለም ካልተቀባ በማግስቱ ቀይ ሆኖ ይገኛል። ብሩሽ ተከፋፍለን ተጣደፍን። እኔ የግራውን ጎን ያዝኩ። ክብደት የሚሸከመው ሞላ፣ ባሌስትራው፣ ከሚያርፍበት አጠገብ ስደርስ እንደ ፀጉር የቀጠነ መስመር አየሁ። በጥፍሬ ዳበስኩት፤ ስንጥቅ ነበር። ቀና ስል ጋሽ ነዚፍ በማዶ በኩል እያንጎራጎሩ ይቀባሉ። «በሬዳ! ለለቀማው ደረስን፣ አይደል ልጄ?» አሉኝ። በሬዳ በኦሮምኛ ያማረ፣ ቆንጆ ማለት ነው።

«ደረስን፣ ጋሼ» አልኩና ስንጥቁን ቀባሁት።

ይህን የምጽፈው ራሴን ለመውቀስ ብቻ አይደለም። እሳቸው ያደረጉትን እንድታውቁልኝም ነው። በማግስቱ ከሱብሒ ሲመለሱ በር ላይ ጠበቅኳቸው።

«ጋሼ፣ በግራ በኩል ስንጥቅ አለ። ትናንት አይቼዋለሁ።»

«ለምን ያኔ አልነገርሽኝም?»

«ደስ ብሎዎት ስለነበር።»

 ቁጣ ጠብቄ ነበር። «እኔን ደስ ለማሰኘት የሰዓዳን እህቶች ገደል ልትሰጂያቸው ነበር?» አሉ በለሆሳስ። እንባዬ መጣ። ወዲያው ትከሻዬን ያዙ። «ማሎ፣ እባክሽ፣ አታልቅሺ። ቀለሙ ሳይጠነክር መጣሽ እኮ። ነይ፣ አሳዪኝ።»

ቀለሙን በራሳቸው እጅ መልሰው በአሸዋ አራገፉት። ስንጥቁ ካሰብኩት በላይ ረዝሞ ተገኘ። ተማም ጎንበስ ብሎ አየና ለመጀመሪያ ጊዜ ቀልድ አጣ። ብረቱ ተቆርጦ በሌላ መተካት ነበረበት፤ ደህናው ብረት እስኪገኝ፣ ተበይዶ እስኪያልቅ ለቀማው አለፈ። የእትዬ ሰዓዳ እህቶች እንደ ወትሮው በእግር ወጡ። ጋሽ ነዚፍ በሩ ላይ ቆመው ሸኟቸው። እኔ ፊታቸውን ማየት ፈርቼ ነበር። እሳቸው ግን ለሚመጣው ሰው ሁሉ ያንን ቦታ በጣታቸው እያሳዩ «ይህን ያየችልኝ ይህች ናት» ይሉ ነበር። የሸሸግኩትን አንድ ቀን እንኳ አላነሡም።

መኪናው ሲያልቅ እሳቸው ደክመው ነበር። ሐኪም «ልብዎ ደክሟል፣ ከእንግዲህ አይነዱም» ብሏቸው ነበር። አንድ ከሰዓት በኋላ ደግፌ ካቢናው ውስጥ አስቀመጥኳቸው፤ ሞተሩ ጠፍቶ፣ መኪናው እዚያው ግቢ ውስጥ ቆሞ። መሪውን ይዘው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«አሁን ከከተማ ወጣን» አሉ። «መስኮቱን ክፈቺ፣ የቡና አበባ ይሸታል።» ከፈትኩት። «ዳገቱን ተያያዝነው። ይቺ ኩርባ ተንኮለኛ ናት፣ ያዢ። ያቻት፣ አንዲት ሴት መንገድ ዳር ቆማለች፤ እናሳፍራት።» እግራቸው ፍሬኑን ሲረግጥ እኔም ወደ ፊት ተንገዳገድኩ። ጥቂት ጠብቀው በመስተዋቱ ወደ ኋላ አዩ። «ተቀመጠች። ቶሌ፣ እሺ፣ እንሂድ።» እንዲህ እያልን የቡ ደረስን። እኔ መንገዱን ሁሉ አይቼዋለሁ።

ጋሼ፣ የዘንድሮው ለቀማ ተጀምሮ ባለፈው ቅዳሜ ከዩኒቨርሲቲ ፈቃድ ጠይቄ መጣሁ። ተማም ነዳ፣ እትዬ ሰዓዳ ከፊት ተቀመጡ። እኔ ከኋላ፣ ከለቃሚዎቹ መሐል፣ በግራ በኩል ስንጥቁ ከነበረበት ቦታ በላይ ተቀመጥኩ። ሴቶቹ ይጫወታሉ፣ አንዷ ተኝታ ትከሻዬ ላይ ደገፍ ብላለች፤ ከሥራቸው ምን እንዳለ ማንም አልጠየቀም። ተንኮለኛዋን ኩርባ አለፍናት። አላህ ቀብርዎን ያብራልዎ፣ ጀነተል ፊርደውስን ይወፍቅዎ። አሥራ አንድ ሰዎች ነበርን፣ ጋሼ። ሁላችንም በሰላም ወርደናል።