ማብራሪያ ተሰጥቶበታል

ጋምቤላ ከተማ ውስጥ በአንድ ቢሮ ቃለ ጉባኤ መያዝ ከጀመርኩ ዓመታት አልፈዋል። የሥራ መደቤ ስም ሌላ ነው፣ ረጅምም ነው፤ ባልደረቦቼ የሚያውቁኝ ግን በዚህ ነው። «እሷ ካለች ስብሰባው ሳይጀመር አልቋል» ይላሉ እየሳቁ። እውነታቸውን ነው። ቃለ ጉባኤውን የምጽፈው ከስብሰባው በፊት ነው። አጀንዳውን፣ የመክፈቻ ንግግሩን፣ «የተነሱ ሐሳቦች» የሚለውን፣ ውሳኔውን ሳይቀር ቢሮ ቁጭ ብዬ እጨርስና ለአንድ ሁለት መስመርና ለስም ዝርዝር ብቻ ቦታ እተዋለሁ። መንገዱ ሩቅ ነው፣ መብራት አይታመንም፣ ሪፖርቱ ይቸኩላል። ማንም ነውር ነው ብሎኝ አያውቅም፤ እኔም ብዬ አላውቅም።

የካርቦን ልቀት ንግድ ጉዳይ ሲመጣም እንደዚያው ሠራሁ። ነገሩን ማስረዳት አይከብድም። ጫካ ሳይቆረጥ ሲቆም አየር ውስጥ የሚገባው ጭስ ይቀንሳል፤ ያ የቀነሰው ተሰልቶ፣ ጭሳቸውን ማቆም ላልቻሉ የሩቅ አገር ፋብሪካዎች ይሸጣል። የሚከብደው ሰዉ ነው። ከጫካው ማር የሚቆርጡ የአገሬው ሰዎች አሉ፤ በጫካው ዳር የሚያርሱ ሰፋሪዎች አሉ፤ በድንበር የተነሳ ዓይንና ናጫ ሆነው የኖሩ። መንግሥት ደግሞ ገዢዎቹ ፊት የሚያቀርበው አንድ ወረቀት ይፈልጋል፤ «ባለድርሻ አካላት ተወያይተው አለመግባባታቸውን ፈትተዋል» የሚል። ያንን ወረቀት የምጽፈው እኔ ነኝ።

ስብሰባው የተጠራው ወደ ጎግ በሚወስደው መንገድ ባለች አንዲት ቀበሌ ነበር። የተወለድኩባት ቀበሌ ናት። አባቴ በሰፈራው ጊዜ ከወሎ በመኪና ተጭኖ መጥቶ የሰፈረባት፣ እናቴ የተቀበረችባት፣ አሁን እሱ ብቻውን በቆሎና ሰሊጥ የሚያርስባት። እኔ ከተማ አንዲት የኪራይ ክፍል ውስጥ ብቻዬን፣ እሱ እዚያ ብቻውን። ከደጋ የመጡት የጋምቤላ ልጅ ይሉኛል፤ የጋምቤላ ልጆች ደገኛ ይሉኛል፤ ምሳ ሰዓት ላይ ሁለቱም ወገን የየራሱን ጠረጴዛ ሲከብ እኔ ውጭ ማንጎው ሥር እበላለሁ። ይህን የምለው እንዲታዘንልኝ አይደለም። እሁድ እሁድ እየደወለ «በላሽ ወይ?» የሚለኝ ሰው እሱ ብቻ እንደነበረ እንዲታወቅልኝ ነው።

በስብሰባው ቀን አባቴ በዚያ ሙቀት የክት ኮቱን ለብሶ መጨረሻ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ሲፈቀድለት ተነሳ።

«እኔን መንግሥት አንዴ ከአገሬ አንስቶ እዚህ አምጥቶኛል» አለ። «ላንተው ብለን ነው አሉኝ፣ መጣሁ። አሁን ደግሞ ካርታችሁ ላይ የታችኛው ማሳዬ ጫካ ሆኗል። ከሱ ሌላ እህል የሚሰጠኝ መሬት የለኝም። ሁለተኛ አልነሳም።»

ቀጥሎ የተነሱት በዚያው ማሳ ጉዳይ አባቴን ለዓመታት ሲከሱት የኖሩ የአገሬው ሽማግሌ ነበሩ። አሁን ያዋርዱታል ብዬ አቀረቀርኩ።

«ይህ ሰው ሲመጣ እኛን ማንም አልጠየቀም» አሉ ቀስ ብለው። «እሱንም አልጠየቁም። ጫካ ሲሸጥም እኛን አልጠየቁም። ዛሬ ለመንገር ነው የጠሩን። እኔ ከሱ ጋር ጠብ አለኝ። ጠቡ የኛ ነው፣ እኛ እንጨርሳለን።»

በሕይወቴ እነዚያ ሁለት ሰዎች በአንድ ነገር ሲስማሙ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። የተስማሙትም እምቢ በማለት ነበር።

አወያዩ ሰዓቱን አየ። «ጥሩ ሐሳብ ነው የተነሳው» አለና ስለ አየር ንብረት ለውጥ ጠዋት የተናገረውን ደገመ፤ ከዚያ ሻይና ዳቦ መዘጋጀቱን አስታወቀ። መገኘታችንን ብቻ የምንፈርምበት የስም መቆጣጠሪያ ዞረ። አባቴ በመሠረተ ትምህርት ፊደል የቆጠረ ሰው ነውና አሻራ አያደርግም። ስሙን ጽፎ፣ ጎኑ ላይ ፈርሞ፣ አጠገቡ ለተቀመጠው ሰው አሳየው። ወደ እኔም ዞር ብሎ ፈገግ አለ።

ቢሮ ስመለስ የቀረኝ አንድ መስመር ነበር። «አንዳንድ ነዋሪዎች የማሳ ጥያቄ ያነሱ ሲሆን» ብዬ ጻፍኩ፤ ቀጥሎ እጄ የለመደውን ጻፈ፤ «ማብራሪያ ተሰጥቶበታል።» በእኛ ዘንድ ጠብ የሚያልቀው በዚህች ሐረግ ነው። የተቃወመው ሰው አይሰደብም፣ አይታሰርም፤ ማብራሪያ ይሰጠዋል። የስም መቆጣጠሪያውን ከኋላ አያያዝኩት። ከውሳኔው ቀጥሎ ሲመጣ የስምምነት ፊርማ ይመስላል። አስቤ አደረግኩት ብል ውሸት ነው፤ ሳላስበው ነው ብልም ውሸት ነው። እንጀራዬን ፈራሁ።

ከክረምቱ በኋላ የእሁዱ ስልክ እያጠረ ሄደ፤ ከዚያ ጭራሽ ቀረ። ስደውል «ደህና ነኝ» ብሎ ይዘጋዋል። ስልኬን ትራሴ ላይ አስቀምጬ ግድግዳ ሳይ የምውልባቸው እሁዶች ነበሩ። በመጨረሻ ከዚያ መንደር የመጣች ሴት ገበያ አግኝታኝ ነገረችኝ። በአባቴ የታችኛው ማሳ ላይ ቀይ ቀለም የተቀቡ ችካሎች ተተክለዋል። ሌላም ጨመረች።

«የእድር ዳኝነቱን ተወው እኮ። እየረሳሁ ነው፣ ጭንቅላቴ ከድቶኛል አለ።»

ደነገጥኩ። አባቴ በሰፈራው ጊዜ አብረውት የመጡትን ሰዎች መኪናው ላይ በተቀመጡበት ተራ እስከ ዛሬ በስማቸው የሚጠራ ሰው ነው።

ቅዳሜ ሄድኩ። ደጃፉ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ሰላም ተባብለን ጥቂት ከቆየን በኋላ ወደ ውስጥ ገብቶ በአራት የታጠፈ ወረቀት ይዞ ወጣ። ቀበሌው የለጠፈውን ቃለ ጉባኤ ፎቶ ኮፒ አስደርጎታል። መነጽሩን አድርጎ፣ ጣቱን ከመስመሩ ሥር እየጎተተ፣ እዚያች ሐረግ ላይ ሲደርስ ቆመ።

«ልጄ፣ ምን ብለው ነበር ያብራሩልኝ?» አለኝ። «ችካል የተከሉት ሰዎች ተብራርቶልሃል፣ ፈርመሃልም አሉኝ። እኔ መናገሬ ትዝ ይለኛል፣ መልሱ ግን ጠፋብኝ። ስንት ቀን አሰብኩት። እንዲህ በሆነ ጭንቅላት የሰው ጉዳይ አይዳኝም ብዬ እድሩንም ተውኩ። አንቺ ነበርሽና ንገሪኝ።»

ዓይኔን ወደ ወረቀቱ ጣልኩ።

«ሌላ ሰው ጽፎት ቢሆን ዋሽቷል እል ነበር» አለ። «ከሥሩ ግን ያንቺ ስም አለ።»

ማብራሪያ ሞልቶኛል፤ አንዱን መርጬ ብነግረው አምኖኝ፣ እንደሚረሳ ሽማግሌ ሆኖ ይኖር ነበር። አልቻልኩም።

«አልረሳህም አባዬ» አልኩት። «ማንም ምንም አላብራራልህም። እኔ ነኝ እንዲያ ብዬ የጻፍኩት።»

መነጽሩን አወለቀ። ወረቀቱን እንደነበረው በአራት አጠፈው። ወደ ማሳው፣ ወደ ቀዮቹ ችካሎች አየ። እጁን ልይዘው ፈለግሁ፣ አልደፈርኩም።

«መርሳቱ ይሻለኝ ነበር» አለ።